የአንሶላው ሌላ ጫፍ

ጥቅምት 12 ቀን

ለተወደድከው የአክስቴ ልጅ፣

ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ነፋሱ መስኮቱን ይገፋል፤ ስንጥቁን በጋዜጣ ጠቅጥቄዋለሁ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናትህ ብቻ ነን። እሳቸው አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ምን እንደምጽፍ ከፊቴ ለማንበብ ይሞክራሉ። ሰላምታቸውን መጀመሪያ ጻፊ ስላሉኝ ይኸው፦ የረገጥከው መሬት ይመችህ፣ የምትቀመጥበት ወንበር አይወላገድብህ፣ ብርዱ ከአጥንትህ ይራቅ። "ደግሞ ጢሙን ይላጭ በይው" ብለዋል። ፎቶህን አይተው ነው።

እኔ ደኅና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ ሆቴሉ ምድር ቤት፣ እንፋሎትና በረኪና መሀል ተቀምጬ የተቀደደ አንሶላ እሰፋለሁ። እንግዶች ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣና መጽሐፍ ከየክፍሉ ልብስ የሚያወርደው ባለ ጋሪ አሁንም ያመጣልኛል። አብዛኛው መጨረሻው የተገነጠለ ስለሆነ መጨረሻውን ራሴ መገመት ለምጃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን መገመት ስላቃተኝ ነገር ነው።

ከእኛ ጋር አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ሴት አለች። ሥራ ላይ ስለምታፏጭ ፉጨት እንላታለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት አዲስ አንሶላ ከካፖርቷ ሥር ሆዷ ላይ ጠምጥማ ልትወጣ ስትል በር ላይ ተያዘች። አልካደችም። እሜቴ የምንላቸው ተቆጣጣሪያችን "ለምን?" ቢሏት፣

"ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው አጥፌያለሁ። ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚያስተኛ አንድ ቀን ልየው ብዬ ነው" አለች።

ባለ ጋሪው ሳቀ። እሜቴ አልሳቁም።

አላባረሯትም። ያልገባኝ ይሄ ነው። ቢያባርሯት ትንሽ አዝነን፣ ትንሽ አምተን እንረሳት ነበር። እሜቴ ግን አንደኛውን አንሶላ እንደተጨማደደ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቸነከሩት። ስንገባም ስንወጣም እናየዋለን። ረፋድ ላይ ዳቦ ስንበላ እኛ ቦይለሩ አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ እንቀመጣለን፣ ሙቀት አለው። እሷ በሩ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት፣ የተገለበጠ የሳሙና በርሜል ላይ ትቀመጣለች።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን፤ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ተራምደው ይገናኛሉ። የፉጨትን ሌላ ጫፍ የምትይዘው ባለ ካውያዋ ነበረች። አሁን "ካውያዬ ይቀዘቅዝብኛል" ትላለች። ሌሎቹም የየራሳቸው ሰበብ አላቸው። አትያዙላት ብሎ የተናገረ ሰው የለም። እሷም አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰክታ ብቻዋን ታጥፋለች። ምስማሩ ጨርቁን ይበሳዋል፤ የተበሳው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እሰፋዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምድር ቤታችን የፍቅር ቤት ሆኗል። ተኮራርፈው የከረሙት ሁለቱ እህትማማቾች ታርቀው ዳቦ ይጎራረሳሉ። እሜቴ "ልጆቼ" ይሉናል። ባለ ካውያዋ "ወንበርሽ ይቀዘቅዛል" ብላ ትንሽ ትራስ ሰፍታ አመጣችልኝ። ሁሉም ያማረ ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። ሳይደርቅ እንደታጠፈ ፎጣ ነው። ላዩ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ውስጡ ሻግቷል።

አንተ ሰውን ተምረሃል። ይሄ ምን ይባላል?

የምትወድህ እህትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለእታለም፣

እናቴን የሚያነሳና የሚያስተኛ እጅሽ አይድከም፤ የምትሰፊው ሁሉ ይጽና። እኔ ደኅና ነኝ። ጢሙን ተላጭቷል በያት። አልተላጨሁም፣ አንቺ ግን በያት።

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ተጨንቄ የማስረዳውን ነገር አንቺ በአንድ ወረቀት ጨርሰሽዋል። ስም አለው፣ ስሙ ግን አይጠቅምሽም፤ ነገሩን ልንገርሽ።

እኛ ዘንድ ማኅበረሰብን እንደ ሰውነት የሚያዩ ሊቃውንት አሉ። እጅ ለዚህ ይጠቅማል፣ ጉበት ለዚያ እንደሚባለው፣ መጥፎውንም ነገር ሳይቀር ለምን ሥራ ይውላል ብለው ይጠይቃሉ። ወንጀልንም እንደዚሁ። ወንጀል የሌለበት አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ስለዚህ በልኩ እስከሆነ ድረስ በሽታ ሳይሆን የጤንነት አንዱ ክፍል ነው ይላሉ። አንዱ ሲያፈነግጥ ሌላው ድንበሩ የት እንደሆነ ያያል። ቅጣቱ ለሚቀጣው ሰው አይደለም እታለም፤ ቆሞ ለሚያየው ነው። ሰው አብሮ ሲቆጣ አንድ መሆኑ ይሰማዋል። እህትማማቾቹን ያስታረቃቸው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ሁሉም ሰው አንድን ያማረ ነገር እንዲመኝ እየተደረገ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለብዙው ሲዘጋ፣ ከተዘጋበት አንዳንዱ በጎን ይገባል። ፉጨትሽ ስለ እንቅልፍ ያለችውን ስንት መጽሐፍ ብገልጥ አላገኘውም።

ደግሞ ልብ በይ። ቅዱሳን ብቻ የሚኖሩበት ቤት ቢኖር እንኳ ጥፋተኛ አይጠፋም ይባላል። እኛ የማናያት ትንሽ ስንፍና እዚያ ትልቅ ነውር ትሆናለች።

እባክሽ ጻፊልኝ። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ሲቀልዱ ምን ይላሉ? እሷስ ፊቷ ምን ይመስላል? ለአንድ ጉባኤ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፣ በጣም ይረዳኛል። አንቺ ግን ምንም አትንኪ፣ ምንም አትናገሪ። ዝም ብለሽ እዪ። እሱ እንደሆነ ተሰጥኦሽ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 19 ቀን

ለወንድሜ፣

ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ብርዱን ግን አልነካችውም። እናትህ አጠገቤ ናቸው፤ ሳላቸው ቀለል ብሏል። ምርቃታቸው ይቅደም፦ በር የምታንኳኳበት ሁሉ ሰው ይኑር፣ የምትጠራው ሁሉ ይስማህ።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ምን አለ?" አሉኝ ሲያልቅ።

"ሌባ ለሰፈር ጤና ነው ይላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ልጅዎ።"

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡና፣ "ያን ሁሉ ዓመት መብራት ያቃጠለው ለዚህ ነው?" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "ቆይ እስቲ፣ እሱን ራሱን ቢሰርቁት ጤና ይሰማዋል?"

እኔ ግን አልሳቅኩም። የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው። የሚያስጠላኝም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የጠየቅከውን ልንገርህ። እሜቴ ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጣሉ፤ በስተቀኛቸው ባለ ካውያዋ፣ በስተግራቸው እህትማማቾቹ፣ እኔ ጫፍ ላይ ቦይለሩን ተደግፌ። ባለ ጋሪው እየገባ እየወጣ ቆሞ ነው የሚበላው። ትናንት በበሩ ሲያልፍ፣

"ፉጨት፣ ሆድሽ ዛሬም ገፋ አለሳ?" አላት።

"መንታ ናቸው" አለች ታላቂቱ እህት። "ነጭ ነጭ።"

"ይቺ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ትተኩሳቸዋለች" አለች ታናሺቱ፣ ባለ ካውያዋን በክርኗ ነክታ።

እሜቴ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው፣ "ኧረ ተዉአት ልጆቼ" ይላሉ። እሳቸው ተዉአት ሲሉ እነሱ ደግሞ ይብሳሉ። ያቺን "ተዉአት" ለመስማት ነው የሚቀልዱት።

ፊቷን ጠይቀኸኛል። ዳቦዋን ታያለች። አታፏጭም።

አንድ ነገር ደግሞ አገኘሁ፣ ለአንተ ጽሑፍ ይሁን አይሁን እንጃ። ያ ባለ ካውያዋ የሰፋችልኝ ትራስ ጠርዙ ላይ ክር ተተርትሮ ልሰፋው ብገለብጠው፣ ጨርቁ የሆቴሉ የትራስ ልብስ ነው። ምልክቱን ቆርጣ አውጥታ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፍታዋለች። ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ናት። እኔም እላዩ ላይ ተቀምጬ ስለ ሌብነት እሰማለሁ።

ፉጨትን መታጠቢያው ጋ ትከሻዋን ስታሽ ብቻዋን አገኘኋት።

"ትከሻሽ እንዴት ነው?" አልኳት።

"የትኛው? ግራው ሠራተኛ ነው፣ ቀኙ ሌባ። የሚያመኝ ሌባው ነው።"

"ለምን አትሄጂም?"

"የት? እሜቴ ለየሆቴሉ ስምሽን አደርሳለሁ ብለውኛል። ይቅር እስኪሉኝ እጠብቃለሁ እንጂ።"

"መቼ ነው የሚሉሽ?"

"እሱን አልነገሩኝም። አንቺ ታነቢ የለ፣ እስቲ እዪልኝ የሆነ ቦታ ተጽፎ ከሆነ።"

እሷ ቀልዳ ነው። እኔ ግን የምሬን እጠይቅሃለሁ። ትምህርትህ ይሄ ነገር ምን እንደሚጠቅም ይናገራል። መቼ እንደሚበቃስ ይናገራል? ሁለት ሰው የሚጨርሰው ክምር ለእሷ ብቻ ተሰጥቷታል። እሜቴ ጥር ሲያልቅ ክምሯን በየቀኑ መጨረስ ካልቻለች ትወጣለች ብለዋል። ስሟን አስከትለው ማለት ነው።

ስለዚህ ልለምንህ። ለእሜቴ ሁለት መስመር ጻፍላቸው። በጨዋ ቋንቋ፣ በማኅተም ቢሆን ደግሞ የተሻለ፤ ነገሩ ይብቃ፣ ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ትመለስ በላቸው። የተማረ ሰው ደብዳቤ ሲያዩ ቆመው ነው የሚያነቡት። ካንተ ሌላ የማውቀው የተማረ የለም።

እህትህ


ጥር 8 ቀን

ለእታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። የእናቴን እግር ሳሚልኝ፤ ቤታችሁ ብርድ አይግባው፣ ደጃችሁ ክፉ አይቁምበት።

ጉባኤው ደርሶ ነው የጠፋሁት። ስላንቺ ምድር ቤት ተናገርኩ። ያን ያህል ሰው የነበረበት አዳራሽ ጸጥ አለ። ምስማሩ ጋ ስደርስ ከፊት የተቀመጠች ሴት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ስጨርስ አጨበጨቡ። የመጽሔት አዘጋጅ መጥቶ እጄን ይዞ "ይሄን የነገረህ ማነው?" አለኝ። መረጃ ሰጪዬ ናት አልኩት። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ከኋላዬ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ሥዕል ክፍላችሁ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ነጥቦች እናንተ ናችሁ፣ በሩ ጋ ያለችው ብቸኛ ነጥብ እሷ። አንቺን ቦይለሩ ጋ አድርጌሻለሁ።

ስለ ደብዳቤው ጉዳይ፣ እሱን ተይው። እኔ እጄን ካስገባሁ የማጠናው ነገር ይበላሻል፤ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ የጻፍኩት ሁሉ ጥያቄ ይነሳበታል። እሱ ብቻ አይደለም። እሷ ምሕረት ብታገኝ ያ የበሩ ቦታ ባዶ አያድርም። ሌላ ሰው ይፈልጉለታል። አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ ታነቢያለሽ፣ ከነሱ ጋር አትስቂም። ተራው አንቺ ጋ እንዳይደርስ እፈራለሁ። እናቴ ያላት አንቺን ነው። ስለ እሷ ብለሽ ጠረጴዛሽን አትልቀቂ።

መቼ ይበቃል ላልሽኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የተማርኩት ያንን አይልም። እኔም አስቤበት አላውቅም።

ጥር ሲያልቅ የሆነውን እንዳትረሺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 24 ቀን

ለወንድሜ፣

ከሥራ ገብቼ ነው የምጽፈው። ውጭው ደረቅ ብርድ ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናትህ ተኝተዋል። ነቅተው ቢሆን የሚሉትን ስለማውቅ እኔው ልመርቅልህ፦ የምትበላው ይጣፍጥህ፣ የሚያውቅህ ሰው አይጣብህ።

ፎቶህ ደርሶኛል። ጢምህ አምሮብሃል። ነጥቦቹን በጣቴ ቆጥሬ ራሴን አገኘሁ። ቦይለሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተደርድሬ። ክብ ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ ከባለ ካውያዋ አልለይም። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ፎቶውን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፣ እንደ ቆሻሻ ሳህን ላየው ጠላሁ። እንግዳ ያረከሰው አንሶላ ስንት እጄን ነክቷል፣ ምንም አይመስለኝም፤ ያቺን ወረቀት ከነካሁ በኋላ ግን እጄን ታጠብኩ። የሷ ትከሻ ላንተ ጭብጨባ ሆነ። እሷ የምትሠራው ለሆቴሉ ብቻ መስሏት ነበር።

እንደዚያ ብዬ ጽፌ ላበቃ ነበር። ግን ዛሬ የሆነውን ሳልነግርህ ብቀር ስዕልህ ትክክል መሆኑን እደብቅሃለሁ።

ፉጨት ክምሯ አላልቅ ስላላት ትቸኩላለች። ረፋድ ላይ ትልቁን የሁለት ሰው አልጋ አንሶላ ምስማሩ ላይ ሰክታ ስትጎትተው፣ ከጫፍ እስከ መሀል ተተረተረ። የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ ታውቀዋለህ። እሷም ወደ ኋላ ሄዳ ሄዳ ቅርጫት ውስጥ ቁጭ አለች፣ እግሯ ወደ ላይ።

"አሁንስ በቁርጥራጭ ልትወስደው ነው" አለ ባለ ጋሪው።

ሁሉም ፈነዱ። እህትማማቾቹ ተቃቀፉ። እሜቴ ዕንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ። በግድ አይደለም፤ ከሆዴ ነው የሳቅኩት። ባለ ካውያዋ ትከሻዬን ያዘችኝ፣ እኔም እጇን ያዝኩ፣ ሙቀቷ ደስ አለኝ። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ቀላል ሆኖኝ አያውቅም። ከዚያ ፉጨት ከቅርጫቱ ቀና ብላ ሁላችንንም በተራ አየችን። እኔ ላይ ስትደርስ አልቆመችም። እንደ ሌሎቹ አልፋኝ ሄደች።

እጄን ከባለ ካውያዋ እጅ አወጣሁ።

የተቀደደውን አንሶላ እኔ ጋ ጣሉት። እሜቴ ሲያልፉ፣ "እስከ ወር መጨረሻ ነው ብያለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም" አሏት። ወሩ ሊያልቅ ነው።

ይህን ጽፌ ደብዳቤውን ላሽግ ስል እናትህ ነቁ። የሳቅኩትንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ልጅዎ ጠረጴዛሽን አትልቀቂ ብሎኛል፣ በሩ ጋ ያለው ቦታ ባዶ አያድርም ይላል አልኳቸው። ጣሪያውን እያዩ አሰቡ።

"በሩ ጋ ስንት ሰው ያስቀምጣል?" አሉኝ።

"አንድ በርሜል ነው ያለው።"

"ሁለት ብትሆኑ እኮ ወሬ አለ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ሻርፔን ውሰጂ፣ ነፋስ ነው ብለሻል።"

ስለዚህ ደብዳቤውን ሳላሽግ አሳደርኩት። ከዚህ በታች ያለው የማግስቱ ነው። ፈራህም አልፈራህም እውነትህን ነው፤ ለኔ አስበህ እንደጻፍከው አውቃለሁ። ይህኛውን ግን አዳራሽ ውስጥ አታንብበው። የላክሁት ለወንድሜ ነው።

ጥር 25 ቀን ጠዋት። ብርድ ነው፣ ደመና የለም። የነበሩት እሜቴ፣ ባለ ካውያዋ፣ እህትማማቾቹ፣ ባለ ጋሪው፣ ፉጨትና እኔ።

ለእናትህ ሻይ አፍልቼ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ። ሻርፓቸውን ለበስኩ። ምድር ቤት ወርጄ ግድግዳው ላይ ባለው አንሶላ አጠገብ አለፍኩ። የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ትናንት የተተረተረውን ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ስፌቱ ይታያል፣ ግን ይዟል። ከዚያ መኪናዬን በጨርቅ ሸፈንኩና የሰፋሁትን ወስጄ ክምሯ ላይ አኖርኩት።

ፉጨት የቀኑን የመጀመሪያ አንሶላ ምስማሩ ላይ ሰክታው ነበር። ሄጄ ከምስማሩ ነቀልኩት። ሁለቱን ጫፍ ያዝኩ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"ወጥሪው።"

"ትናንት ስትስቂ አይቼሻለሁ።"

"አዎ" አልኳት። "ወጥሪው።"

ጫፎቹን አንስታ ያዘች። ከዚያ ወጠረችው። እኔ አጣጠፌ ያማረ አይደለም፣ ጠርዙ ተዛነፈብን፤ "ወደ ቀኝ፣ ቀኝሽ የት ነው?" እያለች አስተካከለችኝ። ክፍሉ ውስጥ የማሽኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባለ ካውያዋ ካውያዋን አንስታ እንደያዘች ታየኝ ነበር። እሜቴ መጡ።

"ያንቺ ሥራ መስፋት ነው" አሉኝ።

"ምስማሩ ነው የሚቀድብኝ እሜቴ። ካልተበሳ የምሰፋው አይኖርም።"

አዩኝ። እኔም መሬት አላየሁም። "እናያለን" ብለው ሄዱ። ከኋላቸው ታላቂቱ እህት ለታናሿ አንድ ነገር በጆሮዋ አለቻት፣ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከላክህልኝ ፎቶ በሩ ጋ ያለችው ብቸኛ ነጥብ ትዝ አለችኝ።

ረፋድ ላይ ከክምሯ ግማሹን ጨርሰን ነበር። ዳቦ ሰዓት ደረሰ። ትራሱን ወንበሬ ላይ ትቼው ዳቦዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ሌላ በርሜል ስለሌለ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ፉጨት አላፏጨችም። ዳቦዋን በልታ ጨረሰችና፣

"ነፋሱ በዚህ በኩል ነው የሚገባው፣ ወደዚህ ጠጋ በይ" አለችኝ።

ጠጋ አልኩ። በልተን ተነሳን። እሷ ከክምሩ ቀጣዩን አንሶላ አነሳች፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ።